ምስሩ ለምን ዘገየ? ከሕንዶች የቤት ማዕድ እስከ ጓሳ ምድጃ

ከቤት ውጭ መመገብ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው በቤታችን የማይሠራ ምግብ ነው። ሕንዶች «የቤት ምግብ» የሚሉትን የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ግን የቆሙት በሌላ ሐሳብ ላይ ነው። በእነዚህ ቤቶች የሚቀርበው እናት ለልጆቿ በየዕለቱ የምትሠራው ዳል፣ ሩዝ፣ ቂጣና አትክልት ነው። ቅቤና ክሬም የበዛበት የድግስ ምግብ በዚያ ብዙም ስፍራ የለውም።

ኢትዮጵያዊ ተመጋቢ እንዲህ ባለው ገበታ ፊት ሲቀመጥ የሚገርመው የሚያውቀውን ነገር በባዕድ ስም ማግኘቱ ነው። ምስሩ ያው ምስር ነው፤ ሽምብራውም ሽምብራ። ቢጫ ያደረገው እርድ ነው፤ ከሩቅ የሚሸተው አብሽ ነው። ሳሞሳ ተብሎ የሚመጣውን ደግሞ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ገዝተን ስንበላ ያደግነው ሳምቡሳ መሆኑን ለማወቅ አስተናጋጅ መጠየቅ አያስፈልገንም።

ይህ መመሳሰል አንድ ጥያቄ ያስነሣል። የሁለቱ አገሮች ወጥ ቤቶች በዚህን ያህል ከተቀራረቡ፣ በሕንድ ሜዳማ አገር በግማሽ ሰዓት የሚበስለው ምስር በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ ደጋ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት የሚጠይቀው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ከሕንዶች ገበታ ተነሥተን ወደ ጓሳ ምድጃ እንወጣለን። የምናገኘው መልስ ከአየር ግፊት ይጀምርና በማገዶ፣ በጤናና በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ላይ ይደርሳል።

በታሊው ላይ የተቀመጡት ዘመዶቻችን

ሕንዶች ለአገራችን እንግዶች አይደሉም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሕንድ ነጋዴዎችና ግንበኞች በሐረርና በአዲስ አበባ ይሠሩ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ሕንዳውያን መምህራን ብዙ ነበሩ። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ የአንዱን መምህር ስም ሳይጠሩ አይቀሩም። ምግባቸውም ተከትሏቸው መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ሳንጋምና ጅዌል ኦፍ ኢንዲያ የተባሉት ምግብ ቤቶች በአዲስ አበባ ተመጋቢዎች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነበር።

በሕንዶች የቤት ምግብ ዋነኛው አቀራረብ «ታሊ» ይባላል። ታሊ ሰፊ የብረት ሳህን ሲሆን፣ በዙሪያው ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረው በእያንዳንዱ የተለየ ወጥ ይቀርባል። ዳሉ በአንዱ፣ አትክልቱ በሌላው፣ እርጎው በሦስተኛው ይሆንና መካከሉን ሩዝና ሮቲ የተባለው ስስ ቂጣ ይይዙታል። የሚበላውም በቀኝ እጅ ነው። በጾም ቀን «በያይነቱ» አዝዞ የሚያውቅ ሰው አሰላለፉን ወዲያው ይለየዋል።

የሁለቱ ገበታዎች ቁርኝት ከመልክ ያልፋል፤ የተመሠረቱት በአንድ የሥነ ምግብ ሕግ ላይ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ውሑዶች ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በሰውነታችን ውስጥ ሊሠሩ የማይችሉና ከምግብ ብቻ የሚገኙ አሉ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ሩዝን የመሳሰሉት የብርዕና የአገዳ እህሎች ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን በላይሲን የበለጸጉ ሆነው ሜታዮኒን በተባለው ይደኸያሉ። ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ዳል በሩዝ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ባቄላ በገብስ ቆሎ፤ ሁሉም የዚህ አንድ ሕግ መገለጫዎች ናቸው። ሥጋ በየዕለቱ ለማይበላ ቤተሰብ ይህ ጥምረት የልጆችን እድገት የሚወስን ጉዳይ ነው።

«ዳል» የሚለው ቃል ራሱ መሠረቱ «ሰነጠቀ» የሚል ትርጉም ያለው የሳንስክሪት ግስ ነው። እኛም የተሰነጠቀውን ጥራጥሬ «ክክ» የምንለው «ከካ» ከሚለው ግስ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ምግቡን የሰየሙት በአሠራሩ ነው ማለት ነው። ለምን መሰንጠቅ እንዳስፈለገ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቅመሙ፣ ቅቤውና እሳቱ

ከቅመሞቹ ጥቂቶቹን እንመልከት። ሕንዶች አጅዋይን የሚሉት የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው፤ ካሎንጂ የሚሉትም ጥቁር አዝሙድ ነው። የእነርሱ ሄልና የእኛ ኮረሪማ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ሲሆኑ፣ ሄል የደቡብ ሕንድ፣ ኮረሪማ ደግሞ የኢትዮጵያ ደኖች ተወላጅ ነው። ሁለቱም ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር ይዛመዳሉ። በሁለቱም አገሮች ጥንታዊ የሚመስለን በርበሬ ግን ለሁለቱም መጤ ነው። የበርበሬ ተክል ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከኮሎምበስ ጉዞ ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ ያደረሱት የፖርቱጋል መርከበኞች ናቸው።

በሕንዶች ወጥ ቤት ዳሉ ከበሰለ በኋላ የሚፈጸም አንድ ሥራ አለ፤ «ታድካ» ይሉታል። በትንሽ ድስት ቅቤ ወይም ዘይት በደንብ ይግልና ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ይጨመርበታል። ቅመሙ ሲንጣጣ ወዲያውኑ ከነቅባቱ በዳሉ ላይ ይገለበጣል። የቅመሞችን ሽታና ጣዕም የሚሰጡት ውሑዶች አብዛኞቹ በውኃ በደንብ አይሟሙም፤ በቅባት ግን ይሟማሉ። የእርዱ ቢጫ ቀለም፣ የበርበሬው የሚያቃጥል ካፕሳይሲን፣ የነጭ አዝሙዱ ታይሞል ሁሉም እንዲህ ናቸው። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን በቀለጠው ቅቤ ውስጥ የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በርበሬ ያቃጠለው ሰው ውኃ ቢጠጣ የማይረካው፣ እርጎ ቢጠጣ ግን የሚሻለው እንዲሁ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነጥብ እናስምርበት፤ በኋላ ይጠቅመናል። የጋለ ቅባት 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ምጣድም እንዲሁ። በክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ግን የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ከሚፈላበት መጠነ ሙቀት አያልፍም። የወጥ ቤት ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለት ይከፈላል፤ በውኃ የሚበስልና በደረቅ እሳት ወይም በቅባት የሚበስል።

የሚያፏጨው ድስት

በሕንድ የከተማ ቤቶች ጠዋትና ማታ የሚሰማ ድምፅ አለ። የፕሬዠር ኩከር ፉጨት ነው። የምግብ አሠራር መመሪያ ሳይቀር የሚሰጠው በደቂቃ ፋንታ በፉጨት ቁጥር ነው፤ «ለዳሉ ሦስት ፉጨት ይበቃዋል» ይባላል። በምግብ ቤት ዳሉ ቶሎ የሚቀርብልን የዚህ ድስት ውለታ ነው።

የድስቱ ሐሳብ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 በለንደን አጥንት ሳይቀር የሚያለሰልስ፣ ክዳኑ በጥብቅ የሚዘጋ ድስት ሠርቶ አሳይቷል። አሠራሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ውኃ መፍላት ማለት ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ይኖርብናል። ውኃ ሲሞቅ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ግፊት አለው። ይህ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል በውኃው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ውኃው ፈላ እንላለን። የአየሩ ግፊት ከበዛ ውኃው የሚፈላው በከፍተኛ ሙቀት ነው፤ ካነሰ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት።

ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ በማስቀረት ግፊቱን ይጨምራል። በክዳኑ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ክብደት የምትነሣውና የምታፏጨው በድስቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በአንድ ከባቢ አየር ያህል ሲበልጥ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ የውኃውን ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ሃያ ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሊታየን ይችላል። ነገር ግን የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ ሃያው ዲግሪ የማብሰያ ጊዜውን ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ጓሳ ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

አሁን ወደ መንዝ እንውጣ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳን ያቋርጣል። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ በአመዛኙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ የሚወርዱ ውኆች መለያ ነው። ጓሳ በተባለው ረጅም ሣርና በጅብራ የተሸፈነ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው።

በ3,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። በመሆኑም ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ88 እና በ89 ዲግሪ መካከል ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ነጥብ በአንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በባሕር ዳር ወደ 94፣ በአዲስ አበባ ወደ 92፣ በደብረ ብርሃን ወደ 91 ዲግሪ ይሆናል።

ይህ ለአንድ ድስት ምስር ምን ማለት ነው? በባሕር ጠለል ላይ በ30 ደቂቃ የሚበስል ምስር አለን እንበል። ቀደም ብለን ያነሣነውን የ10 ዲግሪ ሕግ ብንጠቀም፣ ያው ምስር በአዲስ አበባ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ፣ በጓሳ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በባሕር ዳርቻ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ድፍን ባቄላ በጓሳ ሦስት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ የጥራጥሬው ዕድሜ፣ ዝርያና የውኃው ዓይነት ይለውጡታል። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ጥፋቱ የባለሙያዋ አይደለም፤ የምስሩም አይደለም። አየሩ ሳስቷል።

አንዳንድ ሰው ምስሩ ሲዘገይ እሳቱን ያበረታዋል። ይህ ጥቅም የለውም። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ከ10 ወደ 89 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 330 ኪሎ ጁል ይበቃል። ያንኑ ውኃ በሙሉ አፍልቶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ የምንጨምረው ማገዶ ሁሉ የሚሄደው ወደ እንፋሎቱ ነው፤ የወጡ ሙቀት ግን ያው 89 ነው። ክዳን ደፍቶ በዝግታ ማንተክተክ ያንኑ ያህል ያበስላል፤ ማገዶው ግን ያነሰ ነው።

ፕሬዠር ኩከር በዚህ ከፍታ ምን ያደርጋል? ክብደቷ የምትጨምረው ግፊት ያው ነው፤ የምትጨምርበት የውጭ አየር ግን ሳስቷል። ስለዚህ በጓሳ በድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት 120 ሳይሆን ወደ 115 ዲግሪ ይሆናል። ቢሆንም ከ89 ወደ 115 መውጣት የማብሰያ ጊዜውን ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርደዋል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው ምስር በአሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ሊበስል ይችላል። ድስቱ በአዲስ አበባ ካለው ጥቅም ይልቅ በጓሳ ያለው ጥቅም ይበልጣል ማለት ነው።

መንዝ ቀድሞ ያገኘው መልስ

ሆኖም የጓሳ ዙሪያ ነዋሪዎች ፕሬዠር ኩከር እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የመንዝን ምግብ በፊዚክስ ዓይን ብንመረምረው ለሳሳ አየር የተሰጠ መልስ ሆኖ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ ቆሎውን እንመልከት። ገብስ በምጣድ ሲቆላ የሚበስለው በደረቅ እሳት ነው። የምጣዱ ሙቀት በከፍታ አይገደብም፤ ቡናማውን ቀለምና ደስ የሚለውን ሽታ የሚሰጠው በስኳርና በአሚኖ አሲድ መካከል የሚካሄደው ለውጥ በጓሳም ሆነ በምጽዋ በእኩል ይፈጸማል። ሁለተኛው በሶ ነው። የተቆላው ገብስ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በቅቤ ይበጠበጣል፤ ይታሻል። ማብሰሉ በምጣዱ ላይ አልቋልና ሲበላ እሳት አይሻም። መንገደኛና እረኛ ስንቁ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ሽሮ ነው። ባቄላው ወይም አተሩ ይቆላል፣ ይከካል፣ ከቅመም ጋር ይፈጫል፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ወጥ ይሆናል። እዚህ ላይ ስለ ክክ ያቆየነውን ጥያቄ እንመልስ። ድፍን ጥራጥሬ የሚዘገይበት ምክንያት ሁለት ነው። ውኃው በልጡ አልፎ እስከ መካከሉ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲንም በሙቀት ቀስ በቀስ ካልሟሟ ፍሬው አይለሰልስም። በ89 ዲግሪ እጅግ የሚጓተተው ይህ ሁለተኛው ነው። በወፍጮ የተፈጨ ጥራጥሬ ግን የሕዋሱ ግድግዳ ቀድሞ ስለ ተሰበረ የሚቀረው ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ መወፈሩ ነው። ለዚህም በአብዛኛው ከ80 ዲግሪ በታች ይበቃል። የጓሳ 89 ዲግሪ ለሽሮ፣ ለገንፎና ለገብስ እንጀራ ሙሉ በሙሉ በቂ ነው። ወፍጮው እሳቱን ተካው ማለት ነው።

ይህ የመንዞች ብቻ ጥበብ እንዳይመስለን፣ ወደ ሕንድ አንድ ጊዜ እንመለስ። በሂማላያ ተራሮች መካከል የምትገኘው የላዳክ ከተማ ሌህ ከፍታዋ ወደ 3,500 ሜትር ነው፤ ከጓሳ ጋር በእኩል ከፍታ ላይ ናት ማለት ይቻላል። የአካባቢው ነባር ምግብ ከምን ይሠራል? ከተቆላና ከተፈጨ ገብስ! በጨውና በቅቤ ከተዘጋጀ ሻይ ጋር ይታሻል። በአጎራባቹ ቲቤት ጻምፓ ይባላል። እኛ ብናየው በሶ ከማለት ሌላ ስም አንሰጠውም። በአዲስ አበባ የሕንድ ምግብ ቤት የሚቀርበው የሜዳማው ሕንድ የቤት ምግብ ነው፤ የደጋው ሕንድ የቤት ምግብ ቢቀርብ ኖሮ የመንዝ ሰው አገሩ የገባ ይመስለው ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ መልስ ላይ የደረሱት ጥያቄው አንድ ስለ ነበረ ነው። ጥያቄውን የጠየቃቸው አየሩ ነው።

ዶሳና እንጀራ በብርድ አገር

የደቡብ ሕንዶች ዶሳ ሌላው የሥጋ ዘመድ ነው። ሩዝና ኡራድ የተባለ የማሾ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፤ ሊጡ ካደረ በኋላ በጋለ ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ይጋገራል። እንደ እንጀራችን ሁሉ ሊጡን የሚያስቦኩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በእንጀራ ደግሞ እርሾዎችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ኮምጣጣው ጣዕም ከአሲዱ፣ የእንጀራው ዓይን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይመጣል። ቡኮው ጥቅሙ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ውሑድ ስለሚቀንሰው ማዕድናቱ ለሰውነት ይበልጥ ይደርሳሉ።

ነገር ግን ረቂቅ ሕዋሳትም ሙቀት ይወዳሉ። በሞቃት የሕንድ ከተማ በአንድ ሌሊት የሚደርስ ሊጥ በጓሳ ብርድ ቀናት ይወስዳል። የደጋ እናቶች ቡኮውን ከምድጃ አጠገብ የሚያኖሩት ስለዚህ ነው። እሳቱ ወጥ ከማብሰል ሌላ ሊጡንም ያስቦካል፤ ቤቱንም ያሞቃል። ስለ ማገዶ ቁጠባ የሚያስብ ሰው ይህን መርሳት የለበትም።

እያንዳንዱ ድስት ምን ያስከፍላል?

እስካሁን ያየነው የፊዚክስ ጉዳይ ይመስላል። ዋጋው የሚከፈለው ግን በማገዶ ነው። በጓሳ ዙሪያ ዛፍ እምብዛም ስለሌለ የሚነደው ቁጥቋጦ፣ አስታና ኩበት ነው። ቁጥቋጦው ሲቆረጥ አፈሩ ይራቆታል። ኩበቱ ሲነድ ለገብስ ማሳ መዋል የነበረበት ማዳበሪያ ወደ ጭስነት ይለወጣል። ጭሱን የሚተነፍሱት ደግሞ ከምድጃው የማይርቁት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

የጓሳ ሕዝብ ይህን ዋጋ ከረጅም ዘመን በፊት ተረድቶታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ በሚነገርለት የቀሮ ሥርዓት፣ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች የየራሳቸውን አለቃ መርጠው ሣሩንና ማገዶውን ይጠብቁ ነበር። ስፍራው ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና፣ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና ለተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ይታጨድበታል፣ ይቆረጥበታል፣ ይግጡበታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱን ሲያስቀር ቀሮም አብሮ ተቋረጠ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አደራጅቶ፣ በኋላ ስፍራው በክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሕጋዊ እውቅና አግኝቷል። ቀይ ቀበሮ በጓሳ እስከ ዛሬ የሚታየው የሚያድናቸው አይጦች የሚኖሩበት ሣርና ቁጥቋጦ ስለ ተጠበቀ ነው። እንዲህ ሲታይ በድስቱ ውስጥ ያለው ባቄላና በሜዳው ላይ ያለው ቀበሮ የተያያዙ ናቸው።

ሌላም ስጋት አለ። ማገዶ ሲርቅና ሲወደድ ረጅም ጊዜ የሚሻው ጥራጥሬ ከገበታ ሊርቅ ይችላል። ጥራጥሬው ሲርቅ ገብሱ ብቻውን ይቀራል፤ ላይሲኑም ይጎድላል። ስለዚህ ጥራጥሬን በትንሽ ማገዶ ማብሰል የልጆች ምግብ ጉዳይ ነው።

ከሁለቱም ወጥ ቤቶች የምንማረው

የሕንዶች የቤት ወጥ ቤት በርካሽ የሚገኙ ትምህርቶች አሉት። አንደኛው መዘፍዘፍ ነው። ድፍን ጥራጥሬን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ውኃው እስከ መካከል እንዲገባ ስለሚያደርግ የማብሰያውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል። ሁለተኛው የአሲድ ነገር ነው። ሕንዳውያን ባለሙያዎች ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ቱማሪን የሚጨምሩት ዳሉ ከለሰለሰ በኋላ ነው። አሲድ የፔክቲኑን መሟሟት ያዘገያልና። ቲማቲም በበዛበት ቁሌት ውስጥ ጥሬ ምስር የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ማገዶ ያባክናል። ካልሲየም የበዛበት ውኃም ፔክቲኑን ስለሚያጠነክር ጥራጥሬ አያበስልም የሚባልበት ጊዜ አለ። ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ-1ን ስለሚያጠፋ አንመክረውም።

አንድ ማስጠንቀቂያም እናክል። ሕንዶች ራጅማ ብለው በሩዝ የሚበሉት ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን የሚጠፋው በበቂ ሙቀት በደንብ ሲፈላ ነው፤ 80 ዲግሪ አካባቢ ብቻ የሞቀ ቦሎቄ ማስታወክና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ቦሎቄ ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ ውኃው ይደፋ፤ በአዲስ ውኃም ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይፍላ። በደጋ ደግሞ ጊዜው መራዘም አለበት፤ ፕሬዠር ኩከር ካለ ይመረጣል። ድስቱን የሚጠቀምም ጥራጥሬ ሲያበስል ከግማሽ በላይ አይሙላው፤ የእንፋሎት መውጫው አለመደፈኑን አስቀድሞ ይይ፤ ግፊቱ ሳይወርድ ክዳኑን ለመክፈት አይሞክር።

እስቲ ሞክሩት

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ድስት፣ እሳትና ጥቂት ምስር ነው።

1. ንጹሕ ውኃ አፍሉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ወለል ሳይነካ የሚፈላውን ውኃ ሙቀት ለኩ። እሳቱን ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ተለወጠ?

2. ያገኛችሁትን ቁጥር ከ100 ቀንሱ፤ ልዩነቱን በ300 አባዙት። ውጤቱ የምትኖሩበት ስፍራ ግምታዊ ከፍታ በሜትር ነው። በካርታ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

3. እኩል መጠን ያለው ድፍን ምስር በሦስት ድስት አዘጋጁ። አንደኛው ያልተዘፈዘፈ፣ ሁለተኛው ተዘፍዝፎ ያደረ፣ ሦስተኛው ተዘፍዝፎ ያደረና የሎሚ ጭማቂ የተጨመረበት ይሁን። ውኃው ከፈላ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ከእያንዳንዱ አሥር ፍሬ አውጥታችሁ በጣታችሁ ጨፍልቁ፤ ስንቱ እንደ ለሰለሰ መዝግቡና በግራፍ አሳዩ።

በደብረ ብርሃን፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በመሐል ሜዳ ያላችሁ ተማሪዎች ውጤታችሁን ብትለዋወጡ የአገራችንን የመፍያ ነጥብ ካርታ መሥራት ትችላላችሁ። በሌላ ቀን ወደ ሕንድ ምግብ ቤት ሄዳችሁ ታሊው ሲቀርብላችሁ ደግሞ ዳሉን ከመቅመሳችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ይህ በስንት ፉጨት ነው የበሰለው?» የመንዝ እናቶችንም ስታገኙ ሽሮውን ከመፍጨታቸው በፊት ለምን እንደሚቆሉት ጠይቋቸው። መልሱ ውስጥ ብዙ ፊዚክስ ታገኛላችሁ።